የ2012 በጋ፦ ባሕሩ ሲሞቅ የጅማ ጀንፈል ለምን አልደርቅ አለ?

ጅማ ባሕር የላትም። ውሃዋ ሲቆጠር አዌቱ ነው፤ የቦዬ ረግረግ ነው፤ ራቅ ሲል ደግሞ የግልገል ጊቤ ግድብ ያቆመው ሐይቅ ነው። አጋሮ ላይ ቡና የሚያሰጣ ሰው ጋ ሄደህ "የኤደን ባሕረ ሰላጤን ትንበያ አይተሃል?" ብትለው ቀና ብሎ ያይህና ሥራውን ይቀጥላል። አይፈረድበትም። ማዕበሉ ስንት ሜትር ከፍ አለ፣ ጀልባ ይውጣ ወይስ ይቅር፣ ለሱ ምኑ ነው?

በ2012 ዓ.ም. በጋ ግን ጉዳዩ ሆኖ ተገኘ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ምሥራቅ አፍሪካን ያጥለቀለቀው ዝናብ ለጅማም ተረፈ። ሰማይ ይጠራል በሚባልበት ወር ደመናው አልሄድ አለ። ማስጫ አልጋ ላይ የተሰጣው ጀንፈል፣ ማለትም ከነልጣጩ የሚደርቀው ቡና፣ ከሰዓት በላስቲክ እየተሸፈነ፣ ጠዋት እየተገለጠ፣ መድረቅ አቃተው።

ብዙ ሰው ያንን በጋ ሲያነሳ "ድንገት መጣብን" ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ዝናቡ ከሳምንታት በፊት ተነግሯል። ባሕሩ ላይም በግልጽ ይታይ ነበር። ችግሩ የተነገረው ነገር ለኛ የተነገረ አለመምሰሉ ነው። ስለዚህ ያንን አንድ በጋ ከባሕሩ ተነስቼ እስከ ቡና አልጋው ድረስ ልከተለው።

በጋ ምን መምሰል ነበረበት

ጅማ ዝናብ አይነፍጋትም። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይወርድባታል። አብዛኛው ከመጋቢት እስከ መስከረም መጨረሻ ባለው ጊዜ ይዘንባል። ጥቅምት ላይ ይሳሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደረቅ ናቸው፤ ደረቅ ስንል ግን የጅማ ደረቅ ነው፣ ጠብ አይልም ማለት አይደለም።

የቡና ለቀማም የሚውለው እዚህ ላይ ነው። እሸቱ ቀልቶ ይለቀማል። የሚታጠበው ወደ መፈልፈያ ይሄዳል፤ የማይታጠበው እንዳለ ከነልጣጩ አልጋ ላይ ይሰጣል። በጥሩ ፀሐይ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። የታጠበው ቶሎ ይደርቃል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። በሁለቱም መንገድ ግቡ አንድ ነው፤ የፍሬው እርጥበት ወደ 12 በመቶ መውረድ አለበት። ከዚያ በላይ ሆኖ ጆንያ ውስጥ ከገባ ይሻግታል።

ሰማዩ የሚጠራበት ምክንያት አለው። ፀሐይ ወደ ደቡብ ስትወርድ የዝናብ ቀበቶውም ተከትሏት ይወርዳል። ክረምቱን ሙሉ ከደቡብ ምዕራብ ሲነፍስ የቆየው እርጥብ ነፋስ ይደክማል። በምትኩ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዓረቢያ በረሃ በኩል፣ ደረቅ ነፋስ ይገባል። ማለዳ ብርዱ ያንዘረዝራል፣ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል። ለቡና ማድረቅ ከዚህ የተሻለ አየር የለም።

ያ ነፋስ ሳይገባ ቢቀርስ? ወይም ገብቶ በሌላ ነፋስ ቢገፋ? የ2012 ታሪክ ይኸው ነው።

ባሕሩ ላይ ምን ተፈጠረ

የህንድ ውቅያኖስ እንደ ሚዛን ሁለት ጎን አለው። አንዱ ጎን የኛ ነው፤ የሶማሊያና የኬንያ ዳርቻ። ሌላው ጎን ሱማትራ ነው፤ ኢንዶኔዥያ። ብዙውን ጊዜ ሞቃቱ ውሃ ወደ ኢንዶኔዥያ ያጋደለ ነው፤ ዝናቡም እዚያ ይወርዳል። በአንዳንድ ዓመታት ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። የሱማትራ ውሃ ይቀዘቅዛል፣ የኛ ጎን ይሞቃል፣ ነፋሱም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይገፋል። ሳይንቲስቶች ይህን የህንድ ውቅያኖስ ዳይፖል ይሉታል። በዚህ ስም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ከታተመ ጥናት ወዲህ ነው። ጉዳዩ ግን ከስሙ በፊትም ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ምሥራቅ አፍሪካን አጥለቅልቆ የቪክቶሪያ ሐይቅን ከፍ ያደረገው ዝናብ የዚሁ ዘመድ ነው።

በ2012 ሚዛኑ ክፉኛ ተገለበጠ። በጥቅምት ወር በሁለቱ ጎኖች መካከል የነበረው ከመደበኛ የራቀ የሙቀት ልዩነት ከ2 ዲግሪ አለፈ። ሁለት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ሻይ ላይ ቢሆን ማንም አይለየውም። የውቅያኖስ ግማሽ ላይ ሲሆን ግን ከተመዘገቡት ሁሉ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። የሞቀ ባሕር ብዙ ይተናል። የተነነውን ነፋሱ ተሸክሞ ወደ የብስ ያስገባዋል። የኢትዮጵያ ደጋ መሬት ሲያጋጥመው ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል።

የዓረቢያ ባሕርም በዚያ ሰሞን ዕረፍት አልነበረውም። በጥቅምት አጋማሽ ክያር የተባለው አውሎ ነፋስ ተነሳና በህንድ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት አመዳደብ የመጨረሻው እርከን ላይ ደረሰ። የዓረቢያ ባሕር እንዲህ ያለ አውሎ ነፋስ ካየ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ጎኑ ከተባለው አውሎ ነፋስ ወዲህ፣ 12 ዓመት ሆኖት ነበር። ክያር ሳይከስም ማሃ ተከተለው፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አንድ ባሕር ላይ ዞሩ። ኅዳር 27 ቀን ደግሞ ፓዋን የተባለው፣ ከነሱ ደከም ያለው፣ ሶማሊያ ውስጥ ፑንትላንድ ላይ የብስ ነካ።

አውሎ ነፋስ ባሕሩ ላይ ተነሳ ማለት ጅማ ይዘንባል ማለት ግን አይደለም። ይህን የምለው በየጊዜው "ሳይክሎን መጣ" የሚል ወሬ ሲናፈስ ሰው ሰማይ ሰማይ ስለሚያይ ነው። አውሎ ነፋስ አንዳንዴ በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ራሱ ስቦ እኛን ያደርቀናል። ዋናው የቆመበት ቦታ ነው። ኦማን አጠገብ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ወደ ሶማሊያ ከተጠጋ ሌላ ነው። የ2012ን በጋ እርጥብ ያደረገው አንድ አውሎ ነፋስ አልነበረም። ከሥሩ የነበረው የሞቀ ውሃ ነው። አውሎ ነፋሶቹም ራሳቸው የዚያው ውሃ ልጆች ናቸው።

ኤልኒኖ የለም ሲባል

እኛ አገር የባሕር ሙቀት ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ኤልኒኖ፣ የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ፣ ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ስሙን ገበሬውም ነጋዴውም ሸምድዶታል። ስለዚህ "ዘንድሮ ኤልኒኖ አለ?" ብሎ መጠየቅ ልማድ ሆኗል። በ2012 በጋ መልሱ "የለም" ነበር። ደካማው ኤልኒኖ ክረምቱ ላይ አብቅቷል፤ ፓስፊክ ጸጥ ብሏል። ሰውም ተረጋጋ።

ስህተቱ እዚህ ጋ ነው። ለክረምታችን ፓስፊክን ማየት ደህና ነው። ለበጋ ዝናብ ግን ቅርቡን ባሕር ማየት ይሻላል፤ የህንድ ውቅያኖስን። በ1990 ዓ.ም. በጋ ሁለቱ አብረው መጥተው ነበር፤ ኃይለኛ ኤልኒኖም፣ ኃይለኛ ዳይፖልም። ያኔ ዋቢ ሸበሌ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ሰው ፈጅቷል። ያንን የሚያስታውስ ሰው ጥፋቱን ሁሉ ለኤልኒኖ ሰጠው። 2012 የመጣው ያለ ኤልኒኖ ነው፤ ዋቢ ሸበሌ ግን ያኔም ሞላ። በጥቅምት አጋማሽ ሶማሊያ ውስጥ በለድወይን ከተማ ውሃ ውስጥ ገባች።

ትንበያው ምን ብሎ ነበር? የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ኢክፓክ ለጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ የሚሆነውን ትንበያ የሚያወጣው በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ነው። የዚያ ዓመቱ ለአብዛኛው ቀጠና ከመደበኛ በላይ ዝናብ ያመለክት ነበር። ለአገራችን ትንበያውን የሚሰጠው በጊዜው ብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ የሚባለው፣ አሁን የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሆነው ነው። "ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ" የምትለዋ ሐረግ ከሱ መግለጫዎች ነው አፋችን ላይ የገባችው።

ታዲያ ለምን አልሰማንም? አንደኛው ምክንያት ወሬው የሌላ ሰው ወሬ መምሰሉ ነው። የጥቅምት ዝናብ ለሶማሌ ክልል፣ ለቦረናና ለጉጂ የሚጠበቅ ዝናብ ነው። እዚያ ሣር የሚያበቅል፣ የኤላ ጉድጓድ የሚሞላ፣ ከብት የሚያተርፍ ነው። ስለዚህ ዜናው የሚነገረው ከነሱ አንጻር ነው። ለቦረና የምሥራች የሆነው ለጅማ መርዶ ነበር፤ መርዶውን ግን ማንም በመርዶነቱ አልነገረንም።

ሁለተኛው የትንበያው አነጋገር ነው። የወቅት ትንበያ "ይዘንባል" አይልም። ሦስት ሳጥን አለው፤ ከመደበኛ በላይ፣ ወደ መደበኛ የተጠጋ፣ ከመደበኛ በታች። ምንም ፍንጭ ከሌለ ለእያንዳንዱ 33 በመቶ ይደርሰዋል። የላይኛው ሳጥን 50 ሆነ እንበል፤ ሚዛኑ አጋደለ ማለት ነው እንጂ አለቀ ማለት አይደለም። ከሁለት አንድ ጊዜ ላይሆን ይችላል። ደግሞም የሦስት ወሩን ድምር እንጂ የትኛው ቀን እንደሚዘንብ አይነግርህም። ጀንፈል ግን በድምር አይበላሽም። ጀንፈል የሚበላሸው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው።

ከጅቡቲ እስከ ኮንታ

ጥቅምት 2 ቀን ከጅማ ዞን በስተደቡብ፣ ከጎጀብ ማዶ፣ ኮንታ ላይ መሬት ተንሸራቶ ከ20 በላይ ሰው ሞተ። መስከረም ገና መውጣቱ ነበር፤ አፈሩ የክረምቱን ውሃ እንደጠጣ ነው፤ ተጨማሪ ዝናብ ሲወርድበት ተራራው ለቀቀ። ጅማ ላይ ሐዘኑ ተሰማ፣ ምክንያቱ ግን እንደ ክረምት ጭራ ተቆጠረ። "ክረምቱ ዘገየ" ተባለ። ከተመለከትከው ግን አዲስ ነገር መጀመሩ ነበር።

ኅዳር 11 ደግሞ ጅቡቲ ላይ ሰማይ ተቀደደ። የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርቶች የሁለት ዓመት ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ ብለውታል። ጅቡቲ በዓመት የምታገኘው ከ200 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ከተማው ውሃ ላይ ቀረ፤ ልጆችን ጨምሮ ሰዎች ሞቱ።

ይህ ለጅማ የሩቅ ዜና አይደለም። አገራችን ከምታስወጣውና ከምታስገባው ዕቃ አብዛኛው ጅቡቲን ይረግጣል። የጅማ ቡና በሶኮሩ፣ በወልቂጤ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ በመኪና ወይም በባቡር ወደቡ ድረስ ይወርዳል። ቡና ላኪ ከሆንክ የጅቡቲ ዝናብ የመንገድ ጉዳይ ነው። እኔን ያስገረመኝ ግን ላኪው ስለ መንገዱ ሲጨነቅ ያው ዝናብ ከኋላ በኩል ወደ ማስጫው እየመጣ መሆኑን ማንም ልብ አለማለቱ ነው።

በዚያው ሰሞን አጋሮ መንገድ ላይ አንድ ማስጫ ቆሜ ነበር። አንድ ጭነት የሚያመላልስ ወጣት ሹፌር ከጓደኞቹ ጋር ስልክ አውርቶ መጣና ለባለ ማስጫው ነገራቸው።

"ሐጂ፣ ጅቡቲ በጎርፍ ተጥለቅልቃለች አሉ። ጀንፈሉን አያስሸፍኑትም?"

"ልጄ፣ ጅቡቲ የት፣ እኛ የት! የኅዳር ዝናብ አቧራ አያጠፋም።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አቧራውን አጠፋው። ከአቧራው አልፎ ጀንፈሉንም አጠበው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ላስቲኩን ይጎትታሉ፣ ነፋሱ ከእጃቸው ይነጥቃል። ሐጂ ሽርጣቸውን ሰብስበው ከአልጋ አልጋ ይሮጣሉ፤ ሹፌሩም መኪናውን ትቶ አብሮ ይይዛል። ማንም "ብዬ ነበር" አላለም። ጊዜም አልነበረ።

በነጋታው የተሰጣውን አየሁት። ሊደርቅ የተቃረበ ጀንፈል ስትጨብጠው ይንኳኳል፤ ውስጡ ያለው ፍሬ ከልጣጩ ተላቋልና። ያ ድምፅ ጠፍቷል። ልጣጩ እንደገና ለስልሷል። ጥቅጥቅ ብሎ በተሰጣበት ቦታ ሥሩ ሞቅ ይላል፤ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸታል። ከዚያ ነጭ ሻጋታው ይመጣል። ሻጋታው ጣዕም ብቻ አይደለም የሚያበላሸው። ኦክራቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመርቱ ሻጋታዎች አሉ፤ ገዢ አገሮች ይህን ይመረምራሉ። ከላይ ሲያዩት ጥሩ የሚመስል ቡና ሲቀመስ መሬት መሬት ሲል፣ ብዙ ጊዜ መነሻው ደርቆ እንደገና የራሰ ፍሬ ነው። የጅማ ያልታጠበ ቡና በገበያ ስሙ ከደረጃው በታች ሲጠራ ኖሯል። እንዲህ ያለ በጋ ለዚያ ስም ማገዶ ይጨምራል።

የሚነበበው የቱ ነው

የቀጠና ትንበያ ስታይ ብዙ ክፍል አለው። ስለ ባሕር፣ ስለ አቪዬሽን፣ ስለ የብስ። የጅማ ሰው የብሱን ብቻ አንብቦ ይዘጋል። እኔ ግን የባሕሩና የአቪዬሽኑ ክፍል ይበልጥ ይጠቅመናል ባይ ነኝ። ምክንያቱም ለመርከበኛና ለአብራሪ የሚጻፍ ትንበያ አይለባብስም፤ ሰዓት አለው፣ አቅጣጫ አለው፣ ቁጥር አለው።

ከባሕሩ ልጀምር። የማዕበሉን ከፍታ ዝለለው፤ እሱ ለዓሣ አጥማጁ ነው። ለሱም ቢሆን መታወቅ ያለበት ነገር አለ። "2 ሜትር" ሲባል ከሁሉ ከፍ ያሉት አንድ ሦስተኛ ማዕበሎች አማካይ ነው፤ አልፎ አልፎ እጥፉ ሊመጣ ይችላል። አንተ የምትፈልገው ነፋሱን ነው። ከየት ነው የሚነፍሰው? በበጋ የዓረቢያ ባሕር ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ቢሆን ደንቡ ነው። የሶማሊያ ዳርቻ ላይ ግን ቀናትን ሙሉ ከምሥራቅ ወይም ከደቡብ ምሥራቅ በርትቶ ወደ የብስ ከገፋ፣ እርጥበት እየተጫነ ነው ማለት ነው። ባብኤል መንደብ ደግሞ ሌላ መስኮት ነው። በበጋ በዚያ ጠባብ በር ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ቀይ ባሕር ውስጥ ገብቶ ከሰሜን ከሚመጣው ጋር ይጋጠማል። የሚጋጠሙበት መስመር ለአገራችን የበጋና የበልግ ደመና አንዱ ምንጭ ነው።

የነፋሱ ፍጥነት በኖት ይጻፋል፤ 1 ኖት 1.85 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ ነው። 34 ኖት ሲደርስ አውሎ ነፋሱ ስም ይወጣለታል። ስም ሲወጣለት ዜና ይሆናል። ስም ከመውጣቱ በፊት ያለው ነው ግን ጊዜ የሚሰጥህ።

አሁን አቪዬሽኑ። አንድ አብራሪ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጅማ ለማረፍ የሚፈልገው ነገርና አንድ ቡና አድራቂ የሚፈልገው ነገር አንድ ናቸው ብል ማጋነን አይደለም። አብራሪው ጠዋት ጭጋጉ መቼ ይገፈፋል ይላል። አድራቂው ላስቲኩን መቼ ልግለጥ ይላል። አብራሪው ከሰዓት የነጎድጓድ ደመና መቼ ይነሳል ይላል። አድራቂው መቼ ልሸፍን ይላል።

እርጥብ በጋ ሲሆን የጅማ ቀን ቅርጹ የታወቀ ነው። ማታ ይዘንባል፣ ሌሊት ሰማዩ ይጠራል፣ ሊነጋጋ ሲል መሬቱ ይቀዘቅዛል። ያኔ ቦዬና አዌቱ ዙሪያ ጭጋግ ይተኛል። የታየው ርቀት ከ1,000 ሜትር በታች ሲወርድ አቪዬሽን ጭጋግ ይለዋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጉም ቢጤ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ይገፈፋል። ከዚያ እስከ እኩለ ቀን መልካም መስኮት ነው። ከስምንት ሰዓት በኋላ ደመናው መቆለል ይጀምራል።

በኤርፖርት የአየር ዘገባ ውስጥ ለቡና ሰው የምትጠቅም ሌላም ነገር አለች። የአየሩ ሙቀትና የጤዛ ነጥብ፣ ማለትም አየሩ ቀዝቅዞ ጤዛ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት፣ ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ አየሩ ውሃ ጠግቧል። በዚያ ሰዓት ጀንፈል መግለጥ ትርፉ ጤዛ ማጠጣት ነው፤ የደረቀው ይመልሳል። ሲራራቁ ግለጥ። ደመናም እንዲሁ በስምንት ተከፍሎ ይቆጠራል። ከስምንቱ አምስትና ከዚያ በላይ ከተሸፈነ የዚያን ቀን ማድረቅ በእንፉቅቅ ነው።

ሰዓቱ ሰውን ያደናግራል። አቪዬሽን የሚጠቀመው ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ ከአገራችን የፈረንጅ ሰዓት በ3 ያንሳል። ወደ ሐበሻ ሰዓት ለማምጣት ግን ቀላል ነው፤ ከተጻፈው ላይ 3 ቀንስ። 06 ካለ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። 12 ካለ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። "ከ12 እስከ 15 ነጎድጓድ" የሚል ካነበብክ፣ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ማለት ነው፤ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አልጋው ተሸፍኖ ማለቅ አለበት። ሐጂን ያስሮጣቸው ዝናብ የመጣው ልክ በዚህ መስኮት ነው።

ላስቲኩ

ሁሉን አንብበህ ስታበቃ ነገሩ ላስቲክ ላይ ያርፋል። እርጥብ በጋ ይሆናል የተባለ ዓመት ተጨማሪ ላስቲክ መግዛት፣ አልጋውን ሳስቶ እንዲሰጣ ማስፋት፣ ሸፋኝ ሰው ማቆየት ይጠይቃል። ይህ ገንዘብ ነው። ትንበያው ሳይሆን ቢቀርስ? የሚል ክርክር አለ፤ ክርክሩም ዋዛ አይደለም። ከሁለት አንዱን ዓመት ላስቲኩ ጥቅልል ሆኖ ይቀመጣል። ለትልቅ ማስጫ ይህ ኪሳራ ኢምንት ነው፤ አንድ አልጋ የረጠበ ጀንፈል ከላስቲኩ ይበልጣል። ጓሮው ላይ በሰሌን ለሚያሰጣ ገበሬ ግን ሒሳቡ እንዲህ ቀላል አይደለም። እሱ ለሌላ ነገር ያሰበው ብር ነው። ለዚህ ሰው የወቅቱን ትንበያ ነግሮ ዞር ማለት ምንም አይሠራለትም። የዕለቱ ትንበያ በስልኩ፣ በሚያውቀው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ "ዛሬ ከስምንት ሰዓት በፊት ሰብስብ" ብሎ ቢደርሰው ላስቲክ ባይኖረውም ሰሌኑን ጠቅልሎ ቤት ያስገባል። ዋጋው አንድ መልእክት ነው።

ሌላም መንገድ አለ። መፈልፈያው ቅርብ ከሆነና እርጥብ በጋ ከተጠበቀ፣ ለማይታጠበው ከታሰበው እሸት የተወሰነውን ወደ መታጠቢያ ማዞር ይቻላል። የታጠበው አልጋ ላይ የሚቆይበት ቀን ያንሳል፤ ለዝናብ የሚጋለጥበትም ቀን አብሮ ያንሳል። ይህ ውሳኔ ግን ለቀማው ከመጀመሩ በፊት፣ ዋጋ ሳይቆረጥ፣ በመስከረም መወሰን አለበት። ስለዚህ ነው የነሐሴው ትንበያ የሚፈለገው። ለዕለት ሥራ አይሆንም፤ ለዚህ ዓይነት ውሳኔ ግን ይሆናል።

በ2016 ዓ.ም. በጋ ባሕሩ እንደገና ሞቀ። ያኔ ኤልኒኖም አብሮ ነበር፤ ሶማሌ ክልል ጎርፉን ዳግም አየ። ከ2012 ወዲህ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለተኛ መሆኑ ነው። ስለዚህ ነገሩን በዕድሜ አንዴ የሚመጣ አድርጎ መተው አያዋጣም።

በማስጫው ላይ ብቻ ካተኮርን ደግሞ ዛፉን እንረሳለን። የቡና ዛፍ አበባውን የሚያወጣው ደረቅ ጊዜ አሳልፎ ዝናብ ሲነካው ነው። በመደበኛው ዓመት ደረቁ ወራት እንቡጡን ያስተኙታል፤ የበልጉ ዝናብ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ላይ ይፈነዳል፤ ጫካው ነጭ ይለብሳል። በጋው እየቆራረጠ ሲዘንብ ግን ከፊሉ እንቡጥ አስቀድሞ ይነቃል፣ ከፊሉ ይቆያል። የሚቀጥለው ዓመት ለቃሚ አንድ ቅርንጫፍ ላይ የቀላ፣ ቢጫ የሆነና ገና አረንጓዴ ያለ ፍሬ ጎን ለጎን ያገኛል። የቀላውን ብቻ ልልቀም ካለ ያንኑ ዛፍ ደጋግሞ መመላለስ አለበት፤ የለቀማ ክፍያውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ሁሉንም አንዴ ሙልጭ አድርጎ ከለቀመ ደግሞ ጥሬው ከበሰለው ጋር አልጋው ላይ ይወጣል፤ ሴቶቹም ቀኑን ሙሉ አረንጓዴውን ሲለቅሙ ይውላሉ።